ልክ ልኳን በፈረንሳይኛ

የዳኛዋ እናት ፈረንሳይኛ መማር የፈለገችው ገበያ ልትወጣበት ወይም መንገድ ልትጠይቅበት አልነበረም። ምራቷን ፊት ለፊት አግኝታ ልክ ልኳን ልትነግርበት ነበር።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ስልክ ነው። ታላቁ ልጇ ፈረንሳይኛ ወደሚነገርበት ሩቅ አገር ለሥራ ከሄደ ሰንብቷል። አንድ ቀን ደወለና «እማዬ፣ አግብቻለሁ» አላት። ላገባ ነው አላለም፤ አግብቻለሁ ነው ያለው። እናት ስልኩን እንደያዘች ወንበር በእጇ እየፈለገች ተቀመጠች። ለምን ሳትጠራኝ ብላ ስትጠይቀው «እሷ ግርግር አትወድም፤ ሰው እንዲጠራ አልፈለገችም» አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቲቱ አንድ ቂም በምራቷ ስም ተከለች። ውሃ እያጠጣች፣ አረሙን እየነቀለች አሳደገችው።

አሁን የልጅ ልጅ ተወልዳለች። ልጁ ለእናቱ፣ ለአባቱና ለታናሽ እህቱ የአውሮፕላን ቲኬት ላከ። የቀረው ጊዜ አጭር ነበር።

«ቋንቋው ምን ያደርግልሻል?» አለ አባት። ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ሁሉንም ነገር በቀልድ የሚያልፍ ሰው ነው። «ልጅሽ ያስተረጉምልሻል።»

«እሱ?» አለች እናት። «እሱ ሲያስተረጉም ስኳር ይጨምርበታል። እኔ አዝኜብሻለሁ ስል፣ እሱ እናቴን ናፍቀሻታል ብሎ ነው የሚነግራት። አውቀዋለሁ፤ የወለድኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ ነው የምነግራት።»

«እኔስ ምን ልማር?»

«አንተ ዝም ማለት ተማር። በፈለግከው ቋንቋ።»

ሴት ልጃቸውን ሰፈሩ ሁሉ ዳኛዋ ይላታል። ልጅ ሳለች ሁለት ሰው ከተጣላ መሀል ገብታ ማን እንደጀመረ ሳትለይ አትወጣም ነበር። አድጋም አልተዋትም። ሰልፍ የሚያቋርጥ ሰው ካየች ደሟ ይፈላል። ሚዛኑን በጣቱ የሚደግፍ ነጋዴ ካየች ዕቃዋን ጥላ ትሟገታለች። በወንድሟ ሠርግ ጉዳይ ደግሞ ፍርዷን ከሰጠች ቆይታለች። እናት ያለውን ሰው እናቱን ሳይጠሩ ማግባት ነውር ነው። ስለዚህ እናቷ አስተማሪ ፈልጊልኝ ስትላት ደስ እያላት ተነሳች።

ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ዳኛዋ የምትሠራው መንገድ ዳር ባለ ላውንደሪ ቤት ነው፤ ልብስ ተኳሽ ናት። ከላውንደሪው ጋር ግድግዳ የሚጋራ ትንሽ የፀጉር ቤት አለ። የፀጉር ቤቱ ባለቤት ጭምቱ ይባላል። ፀጉር አስተካካይ ሆኖ ወሬ የማይወድ፣ ጆሮውን ማሳረፍ የፈለገ ሰው ሁሉ የሚሄድበት ወጣት ነው።

«ጎረቤታችን እኮ ፈረንሳይኛን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው» አሏት የላውንደሪው ባለቤት እትዬ። «እናቱ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት አገር ሰው ቤት ስትሠራ ነው ያደገው። አፉን ካስከፈትሽው ማለቴ ነው።»

ዳኛዋ ሄደች። ጭምቱ ምላጭ እያጠበ ነበር። ስትገባ አልዞረም፤ በትልቁ መስታወት ውስጥ አያት። አንዱ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለበት።

«ፈረንሳይኛ ታስተምራለህ?»

«አስተምሬ አላውቅም» አለ ለመስታወቱ።

«አስተምረህ ታውቃለህ ወይ አላልኩህም።»

«እችላለሁ። ለእርስዎ ነው?»

«እርስዎ? ይህን ያህል አርጅቻለሁ?»

ጆሮው ቀላ። «ለአንቺ ነው?»

«ለእናቴ። እኔም አጠገቧ ሆኜ እለቃቅማለሁ።»

ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ ሳይመጣ፣ ትምህርቱ ተጀመረ። እናትን ከፍ ዝቅ በሚለው ትልቅ ወንበር ላይ አስቀመጣትና ከልማድ የተነሳ ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አደረገ።

«ልትላጨኝ ነው?» አለች እናት።

«ይቅርታ፣ እማማ። እጄ ነው።» ፎጣውን አነሳ። ከኋላዋ ቆሞ በመስታወቱ የራሱን ከንፈር አሳያት። «የእኔን አፍ ይዩ፤ ከዚያ የራስዎን። ጆሮ ብቻውን አይበቃም።»

እንዲህ ተማረች። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ይቅርታ፣ ውሃ፣ በር። ከጉሮሮ የሚወጣው የፈረንሳዮች ድምፅ ግን አስቸገራትና ቤት ውስጥ ሳታቋርጥ ትለማመደው ጀመር። አባት ከሳሎን ይጮሃል፤ «አሞሽ ነው ወይስ እየተማርሽ ነው?»

ዳኛዋ ከኋላ፣ ተራ ጠባቂዎች በሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ሆና ትከታተላለች። መጀመሪያ አግዳሚው በሩ አጠገብ ነበር። አንድ ቀን ስትመጣ በመስኮቱ ሥር አገኘችው።

«ለምን ቦታ ለወጥክ?»

«ለብርሃን ብዬ ነው» አለ።

እዚያ ስትቀመጥ መስታወቱ ሙሉ ፊቷን ያዘው። እናቷ በአንድ ቃል ስትታገል የዳኛዋ ዓይን ከዓይኑ ጋር መስታወቱ ውስጥ ይገናኛል። እሱ ወዲያው ወደ መቀሶቹ ይሸሻል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቀስ ብሎ ይመለሳል፤ ያልተዘጋ በር ይኖር እንደሆነ እንደሚሞክር ሰው። ዳኛዋ ማንም ሲያያት ምን ታያለህ ማለት ልማዷ ነው። ይህን ሰው ግን እንደዚያ አላለችውም። ምክንያቱን ራሷም አልጠየቀችም።

አንድ ጠዋት እናቷን ጉንፋን ያዛትና ብቻዋን መጣች። የሚያስተምራት ነገር ጠፋው። ንጹሑን ማበጠሪያ ደጋግሞ ጠረገ።

«አንተ መጀመሪያ የተማርከው ቃል ምንድን ነው?» አለችው።

አሰበ። «አታን» አለ። «ቆይ ማለት ነው። እናቴ ሰው ቤት ስትሠራ ደጃፍ ላይ ያስቀምጡኛል። ቆይ፣ እዚያው ቆይ ይሉኛል። ስሜ ይመስለኝ ነበር።»

አዝኖ አልነበረም የነገራት፤ ስለጠየቀችው ብቻ ነበር። ዓይኗ በነጭ ጋውኑ ላይ አረፈ። ደረቱ ላይ የፀጉር ቀለም እድፍ ነበረበት፤ በዙሪያውም በካውያ የተለበለበ ቡናማ ክብ።

«ይህን ማነው የተኮሰልህ?»

«እኔ።»

«ነውር ነው። አውልቀው።» ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ እሷም ቀላች። «ጋውኑን ማለቴ ነው። እድፍ ላይ ካውያ አይጫንም። ሙቀት ሲነካው ይበስላል፤ ከዚያ ወዲያ በሳሙናም በመድኃኒትም አይለቅም። መጀመሪያ ማስለቀቅ፣ ከዚያ መተኮስ። ሁለተኛውን ጋውንህን ስጠኝ፤ እሱን እንኳ ላድነው።»

በማግስቱ ጋውኑን ስትመልስለት በሁለት እጁ ተቀበላት፤ የተኛ ሕፃን የሰጠችው ይመስል። ቀኑን ሙሉ እንዳይጨማደድበት እየተጠነቀቀ ሲሠራ ዋለ። እትዬ በግድግዳው በኩል ሳቅ ሰምተው «ዛሬ ጭምቱ ቤት ሬዲዮ ገባ እንዴ?» አሉ። የምትስቀው ዳኛዋ ነበረች።

እናት ድና ስትመለስ ትዕግሥቷ አልቆ ነበር። «ሰላምታው ይበቃኛል» አለች። «አሁን ወደ ጉዳዬ እንግባ። የምነግርህን በፈረንሳይኛ አፌ ላይ አድርግልኝ። ልጄን ስታገቢ እናት እንዳለው አልጠየቅሽም ወይ። ይህ አንድ። እኔ ሳልጠራ የሠርግሽ ምግብ እንዴት ከጉሮሮሽ ወረደ። ይህም አንድ። ደግሞ፣ ዛሬ የመጣሁት ለልጅ ልጄ ስል ነው እንጂ ይቅር ብዬሽ አይደለም። በቃ።»

ጭምቱ እጁን በፎጣ ጠረገ። በመስታወቱ ውስጥ እናትን አያት፤ ዳኛዋን ግን አላያትም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ሦስት ዓረፍተ ነገር አስተማራት።

እናቲቱ እንደ ጸሎት ያዘቻቸው። ደረጃ ስትወጣ ትላቸዋለች፤ ድስት ስትፈትግ ትላቸዋለች። የመጨረሻውን ስትል ድስቱን ጠረጴዛው ላይ ታጋጫለች። ዳኛዋ ከአግዳሚው የለቃቀመችው ሰላምታና ጥቂት ቃላት ስለሆነ፣ ረጅሙን ዓረፍተ ነገር መለየት አትችልም። የእናቷ ግንባር መቋጠሩ በቂ ትርጉም መሰላት።

ጉዞው ሲቃረብ ወንድሟ በቪዲዮ ደወለ። ስለ ሻንጣና ስለ ቀዝቃዛ አየር ሲያወራ ቆይቶ ድንገት ዝም አለ።

«ከኋላሽ የሚሰማው ምንድን ነው?»

«እማዬ ናት። ዕቃ እያጠበች ነው።»

«አይደለም፣ የምትለውን ነው። እስቲ ስልኩን አስጠጊው።»

ዳኛዋ ስልኩን ወደ ማዕድ ቤቱ በር አስጠጋች። እናት ጀርባዋን ሰጥታ፣ ሳህኑን እየፈተገች፣ ሦስቱንም ዓረፍተ ነገሮች ደረደረቻቸው። ወንድሟ እጁን አፉ ላይ ጫነ። ከዚያ ዘወር ብሎ ሚስቱን ጠራ። እሷም ሕፃኗን እንዳቀፈች መጥታ አዳመጠች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ጋሼ፣ ምን ሆናችሁ?» አለች ዳኛዋ በሹክሹክታ። ስድቡ ለወንድሟ እንደደረሰው ገምታ ልታጽናናው ተዘጋጅታ ነበር።

«የምትለውን አታውቂም? ልጄን ስለያዝሽልኝ አመሰግንሻለሁ እኮ ነው የምትላት። ሳላይሽ ወድጄሻለሁ። ቤትሽ መግባቴ ደስታዬ ነው። በእኔ ሞት፣ እማዬ ይህን ተማረች?» አፍንጫውን ጠረገ። «ግን ለምን እንደዚህ ትጮሃለች?»

«እየተለማመደች ነው» አለች ዳኛዋ።

ጠዋት ወደ ላውንደሪው አልገባችም፤ ቀጥታ የፀጉር ቤቱን በር ከፈተች። አንድ ደንበኛ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ግማሽ ጉንጩ ተላጭቷል፣ ግማሹ አረፋ ነው።

«እናቴን ምን አስተማርካት?»

ምላጩ አየር ላይ ቆመ።

«እኔ ቆይቼ ልመለስ» አለ ደንበኛው።

«ቁጭ በል። በግማሽ ጺም የት ትሄዳለህ?» አለችው ዳኛዋ። ከዚያ ወደ ጭምቱ ጀርባ ዞረች። «ያመነችህን አሮጊት ወፍ አደረግካት። የማታውቀውን እንድትዘምር። ወንድሜ ይቅር ያለችው መስሎት አለቀሰ። ሚስቱም አለቀሰች። እናቴ ደግሞ እየተሳደበች ነው የመሰላት። ይህ ቀልድ ነው?»

«ቀልድ አይደለም» አለ ጭምቱ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። «እንደዚያ ያለ ቃል በዚያ ቋንቋ እናቴ ላይ ሲወርድ ነው ያደግኩት። አሠሪዋ ትሰድባታለች፤ እናቴም ‹ምን አለች?› ትለኛለች። እኔ ‹አመሰግናለሁ ነው የምትልሽ› እላታለሁ። ልጅ ነበርኩ። ያን ቃል በእማማ አፍ ላይ ማድረግ አቃተኝ።»

ዳኛዋ አንድ እርምጃ ቀረበች። «እናትህ አላወቀችም?»

«ቋንቋውን ራሷ ስትለምድ አወቀች። ብትነግረኝ ኖሮ ያን ቤት ያኔውኑ ለቅቄ እወጣ ነበር አለችኝ።»

«ታዲያ ታውቃለህ» አለች ዳኛዋ። «በሰው ቃል ላይ ስኳር መጨመር ምን እንደሚያደርግ ከማንም በላይ ታውቃለህ። እያወቅክ ነው እንደገና ያደረግከው። እናቴ ሞኝ አይደለችም። ማልቀስም መቆጣትም ቢያሰኛት የራሷ ነው። የአፏ ዘበኛ ማን አደረገህ? እድፍ ላይ ካውያ አይጫንም ብዬህ አልነበረም?»

ደንበኛው በአረፋው ውስጥ ሆኖ «እውነቷን ነው» አለ፤ ወዲያው በመናገሩ ተጸጽቶ ዓይኑን ጨፈነ።

ጭምቱ ይህን ሁሉ የሰማው በመስታወቱ ውስጥ ነው። አንዴ እንኳ ፊቱን አላዞረም።

«ወደ እኔ ዙር» አለችው።

ትከሻው ተነቃነቀ። አልዞረም።

«እኔ ደግሞ...» ብላ ጀመረች ዳኛዋ። እኔ ደግሞ እንዲህ ያለህ ሰው አልመሰልከኝም ነበር ልትል ነበር፤ ተወችው። «ለእናቴ የምትነግራት አንተ ነህ። ዛሬ» አለችና በሩን ዘግታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው መጣ። የተኮሰችለትን ጋውን እንደለበሰ በሩ ላይ ቆመ። ሳሎኑ ውስጥ መስታወት የሚባል ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ምንጣፉን አየ፤ ከዚያ እንደምንም ብሎ የእናትን ፊት አየና ሁሉንም ነገራት። የሁለቱንም ትርጉም፣ ያለችውንና ያስተማራትን፣ አንድ በአንድ አስቀመጠ።

አባት ከወንበሩ ብድግ ሲል እናት «ተቀመጥ» አለችው።

«እንግዲህ እኔ» አለች ወደ ጭምቱ ዞራ፣ «እስከዛሬ ሳመሰግናት ነው የከረምኩት?»

«በየሳህኑ ላይ» አለ አባት፤ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

እናት አልሳቀችም። «ስማኝ ልጄ። አንተ ቂም አሳድገህ አታውቅም። እኔ አሳድጌያለሁ። ሌሊት ተነስቼ አቅፌዋለሁ። ሰው ያሳደገውን ሳይጠይቁ ሲወስዱበት ይከፋዋል። ልጄን ሳልጠየቅ ወሰዱብኝ። አንተ ደግሞ ቁጣዬን ሳልጠየቅ ወሰድክብኝ። ምን ተረፈኝ?»

«ይቅርታ፣ እማማ።»

«ይቅርታህን ኋላ አየዋለሁ። አሁን ቁጭ በልና እውነተኛውን አስተምረኝ። አንድ ቃል እንዳትጥል።»

ተቀመጠ። ዳኛዋ ማዕድ ቤቱ በር ላይ እጆቿን አጣምራ ቆመች። በዚህ ጊዜ ቃላቱ ሻካራ ነበሩ፤ እሷ እንኳ ለየቻቸው። አላለሳለሰም። ሲጨርስ ፊቱ የታመመ ሰው ይመስል ነበር። «ደህና ሁኑ» ብሎ ሲወጣ ሁሉም መለሱለት፤ ዳኛዋ ብቻ አልመለሰችም።

ከዚያ በኋላ በፀጉር ቤቱ ደጃፍ ስታልፍ ማዶውን ታያለች። በጉዞው ቀን ታክሲያቸው በዚያው መንገድ አለፈ። ጭምቱ መጥረጊያ ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል። መጥረጊያውን ትንሽ ከፍ አደረገ፤ ሰላምታ ይሁን ልመና አይታወቅም። ዳኛዋ ፊቷን አዞረች። ፊቷን ያዞረችው ግን ወደ ታክሲው የጎን መስታወት ነበር። ጥጉን እስኪታጠፉ ድረስ እዚያው ቆሞ አየችው። ተናደደች፤ በእሱ ይሁን በራሷ አለየችውም።

የወንድሟ ቤት ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ሕፃኗን በአንድ ጎን አቅፋ፣ ፈገግ ብላ፣ ዓይኗ ከወዲሁ እርጥብ ሆኖ። ያጠናችውን «እንኳን ደና መጣችሁ» እየተሰባበረባት አለች። ያንን የሳህን ላይ ምስጋና እየጠበቀች እንደሆነ ዳኛዋ አወቀች።

እናት ቦርሳዋን መሬት አኖረች። ሻሿን አስተካከለች። ከዚያ በቀስታ፣ አንድም ሳትሳሳት፣ ያንን አስቸጋሪ የጉሮሮ ድምፅ ሳይቀር አስተካክላ፣ ሦስቱንም ተናገረች።

የሴትየዋ ፈገግታ ጠፋ። «እማዬ፣ ምን ነካሽ?» አለ ወንድሟ ደንግጦ።

«አንተን አልተናገርኩም።»

ምራት ሕፃኗን ለባሏ ሰጠች። ጉንጯ ነጭ ሆኗል፤ ግን አልሸሸችም። ለተማሪ እንደሚናገር ሰው፣ አጫጭር ቃላት እየመረጠች፣ ቀስ ብላ መለሰች። ዳኛዋ ዳግመኛ እንዳትታለል ቃላት ስታጠና ሰንብታ ስለነበር ከፊሉን ያዘች፤ ያልያዘችውን ሁለተኛ አስደገመቻት። ከዚያ ገባት። ወንድሟንም ቀና ብላ ስታየው እንደገባት ገባው።

«ምን አለች?» አለች እናት። «አንቺ፣ ምን አለች?»

ወንድሟ በሕፃኗ ራስ ላይ አሻግሮ አያት። ልጅ ሆኖ ብርጭቆ ሲሰብር የሚያያት አስተያየት ነበር፤ አትናገሪብኝ የሚል። ዳኛዋም የዚያን ጊዜ ምላሷ ላይ ጣፋጭ ነገር ተንከባሎ ሲመጣ ተሰማት። ይቅርታ እየጠየቀችሽ ነው ብትል ሁሉም ይገባሉ፣ ሁሉም ይቀመጣሉ፣ ሻይ ይፈላል። እጅ ወደ ስኳሩ እንዴት እንደሚሄድ ያኔ አወቀች። በንቀት ላይሆን ይችላል ለካ። ሰው መውደድም ይወስደዋል።

«ጠይቄዋለሁ ነው የምትልሽ፣ እማዬ» አለች። «ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ። እናቴ አንቺን አትፈልግም፣ ለሠርጉም አልመጣም ብላለች ብሎ ነገረኝ። እኔም እስከዛሬ እያዘንኩ ነው የኖርኩት ነው የምትለው። አንድ ቃል አልጨመርኩም።»

ሊፍቱ ወደታች ሲወርድ ተሰማ። እናት ወደ ልጇ ዞረች።

«ለሁለታችሁም...» አለ ወንድሟ። «እንዳትጣሉ ፈርቼ ነው። ከሁለታችሁ አንዳችሁን እንዳላጣ።»

«ስለዚህ ሁለታችንንም ዋሸኸን።»

ምራት ምን እንደተባለ ዳኛዋን ጠየቀች። ዳኛዋ በሰባራ ፈረንሳይኛዋ፣ በእጇም ጭምር እያገዘች ነገረቻት፤ ግርግር አትወድም ተብላ ስሟ እንደጠፋም አልደበቀቻትም። የሴትየዋ ጉንጭ ነጭ መሆኑ ቀርቶ ቀላ። ከዚያ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ለአንድ ሰው ልክ ልኩን ነገሩት። አስተርጓሚ አላስፈለገም።

አባት ሕፃኗን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባ። «እኔ ዝም ማለት ተምሬ ነው የመጣሁት» አላት።

ወንድሟ ለብዙ ቀን እንደተቀጣ ልጅ ዕቃ ሲያነሳና ሲጥል ሰነበተ። ሊመለሱ ሲሉ፣ ከአንድ ምሳ በኋላ፣ ዳኛዋ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ሳህን ሲያጥቡ አየች። እናቷ ሳህኑን ሳታጋጭ፣ ግንባሯን ሳትቋጥር፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አለቻቸው። ልጄን ስለያዝሽልኝ አመሰግንሻለሁ ብላ ጀመረች። ምራቷ እርጥብ እጇን ክንዷ ላይ አሳረፈች።

«ሳትረሺያቸው ቀረሽ?» አለች ዳኛዋ ኋላ።

«ያ ልጅ ያስተማረኝ አይረሳም። ቃሉ ክፉ አልነበረም፤ ተራውን ሳይጠብቅ ነው የገባው። ስትመለሺ ንገሪው።»

«እኔ ለምን እነግረዋለሁ?»

«ጋውኑን የተኮስኩለት እኔ ነኝ እንዴ?»

በተመለሱ ማግስት ዳኛዋ ወደ ሥራ ስትሄድ የፀጉር ቤቱ ክፍት ነበር። ገባች። አግዳሚው ከመስኮቱ ሥር ተነስቶ ወደ ድሮ ቦታው፣ በሩ አጠገብ፣ መስታወቱ ወደማያይበት ተመልሷል። ጭምቱ ወለሉን ይጠርጋል። በመስታወቱ አያትና መጥረጊያው ቆመ።

«እማዬ ቃሉ ክፉ አልነበረም ብላለች» አለች። «ተራውን ሳይጠብቅ ነው የገባው አለች።»

«አንቺስ?»

«እኔ አሁንም ተቆጥቻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እዚያ ማስተርጎም የእኔ ተራ ሆነ። ስኳሩ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።» ቦርሳዋን ወደ ትከሻዋ ሳበች። «አላስገባሁትም። ግን አየሁት። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት፤ ፍርድ ስሰጥ ያላየሁት ማስረጃ ስለሆነ።»

ከዚያ ወደ በሩ ግማሽ ዞረች።

«አታን» አለ።

ዞር ስትል መስታወቱ ውስጥ አልነበረም። ጀርባውን ለመስታወቱ ሰጥቶ፣ መጥረጊያውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በቀጥታ ያያታል። ፊቱ በመስታወት ስታየው ከነበረው የተገለበጠ ስለሆነ እንግዳ ሆነባት፤ ጠባሳው በሌላኛው ቅንድብ ላይ ነው። ከዚያ በፈረንሳይኛ መናገር ጀመረ። ረጅም ነበር፤ መሀል ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቀፈ።

«አሁን ተርጉመው» አለች። «ብትጨምር ወይም ብትጥል እሄዳለሁ። አሁን ትንሽ ትንሽ እሰማለሁ።»

«አግዳሚውን ለብርሃን ብዬ አላዞርኩትም። አንቺን ለማየት ነው። ዋሽቼሻለሁ። ዙር ስትይኝ ያልዞርኩት አንቺን በቀጥታ ማየት ስለፈራሁ ነው። ከሄድሽ ጀምሮ ጋውኑን አልለበስኩትም፤ እንዳይቆሽሽ። አሁንም እፈራሻለሁ። እወድሻለሁ።»

ዳኛዋ ፍርዷን አዘገየች። «አንድ ቃል ጥለሃል።»

መልኩ ተለወጠ። «የቱን?»

«መጀመሪያ ያልከውን።»

አሰበ። ከዚያ ገባውና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በመስታወት ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ሲስቅ አየችው።

«ቆዪ» አለ። «ቆዪ ነው ያልኩሽ።»

ዳኛዋ ቦርሳዋን አስቀመጠች። የአግዳሚውን አንድ ጫፍ ያዘችና አየችው። እሱም መጥረጊያውን ጥሎ ሌላውን ጫፍ ያዘ። ያ ግማሹን ተላጭቶ የነበረው ደንበኛ በሩ ላይ ብቅ ሲል፣ ሁለቱ አግዳሚውን ተሸክመው ወደ መስኮቱ ሥር እየወሰዱት ነበር።

«ክፍት ነው?» አለ ሰውየው በጥርጣሬ። «ወይስ ዛሬም ፍርድ ቤት ነው?»

«ግባ» አለችው ዳኛዋ። «ዛሬ ሙሉውን ትላጫለህ።»